ለውሻና ለድመት ማይክሮቺፕ፦ ከመርፌው እስከ መዝገቡ

የጠፋ ውሻ የእንስሳት መጠለያ ገብቶ፣ ቺፑም በትክክል ተነቦ፣ ባለቤቱ ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2009 በአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በ53 መጠለያዎች የገቡ ከ7,700 በላይ ቺፕ ያላቸው እንስሳትን መዝግቦ ነበር። ቺፕ ካላቸው የባዘኑ ውሾች ከመቶ 52ቱ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ በጥቅሉ ወደ መጠለያ ከገቡ የባዘኑ ውሾች የተመለሱት ግን ከመቶ 22 ገደማ ነበሩ። በድመት ላይ ልዩነቱ ይብሳል፦ ቺፕ ያላቸው ከመቶ 38 ሲመለሱ፣ በጥቅሉ ግን ከመቶ 2 እንኳ አልሞሉም። ባለቤቱ ሊገኝ ካልቻለባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው የተሳሳተ ወይም የተቋረጠ ስልክ ቁጥር ሲሆን ከመቶ 35ቱን ይይዛል። ቺፑ ሥራውን ሠርቷል፤ ስልኩ ነው የማይነሳው።

ስለዚህ እዚህ ስለ መርፌው ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁንም ከመርፌው በኋላ ስለሚሠራው የወረቀትና የመዝገብ ሥራ በሰፊው እንጽፋለን። መርፌው የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው። መዝገቡ ውሻው በሕይወት እስካለ ድረስ ይከተልዎታል።

ቺፑ ምንድን ነው?

የተለመደው ቺፕ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመትና 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ለድመትና ለትንንሽ ውሾች የሚሆን 8 በ1.4 ሚሊ ሜትር የሆነም አለ። ላዩ ሰውነት የማይቆጣው መስታወት ነው። ውስጡ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦና ቁጥሩን የያዘች ቅንጣት አለች። ባትሪ የለውም። ማንበቢያው፣ ማለትም ስካነሩ፣ ሲጠጋ የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ በሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ ቺፑም በዚያች ጉልበት ቁጥሩን መልሶ ይልካል። ስካነሩ ሲርቅ ዝም ይላል። የሚያልቅበት ነገር ስለሌለ አንዴ የገባ ቺፕ የእንስሳውን ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ብዙ ሰው ከጂፒኤስ ጋር ያምታታዋል። ቺፑ ውሻው የት እንዳለ አይናገርም። ስምዎም፣ ስልክዎም፣ አድራሻዎም በውስጡ የለም፤ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። በእጅ ስልክም አይነበብም፤ ስልክ የሚያነብባቸው ካርዶች በ13.56 ሜጋኸርዝ ሲሠሩ የእንስሳት ቺፕ የሚሠራው በ134.2 ኪሎኸርዝ ነው። «በስልኬ ሞከርኩት፣ የለውም» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ምንም አላጣራም ማለት ነው። ውሻው ያለበትን መከታተል ከፈለጉ በአንገት ማሰሪያው ላይ የሚደረግ መከታተያ ሌላ ዕቃ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን ማሰሪያው ሲወልቅ አብሮ ይወልቃል። ስም የተጻፈበት የአንገት ማሰሪያም ቢሆን አይቅር። ጎረቤት ውሻውን ካገኘ ስካነር የለውም፤ ስልክ ቁጥር ግን ያነባል።

ቁጥሩን ማወቅ

ዛሬ የሚፈለገው ቺፕ አይኤስኦ 11784 እና 11785 የሚባሉትን መለኪያዎች የሚያሟላ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ኤፍዲኤክስ-ቢ የሚልም ይገኛል። ቁጥሩ 15 አሃዝ ነው፤ ፊደል የለበትም። የመጀመሪያዎቹ 3 አሃዞች ብዙ ይናገራሉ። ከ900 እስከ 998 ከሆኑ የአምራቹ መለያ ናቸው፤ 900 ግን በርካታ አነስተኛ አምራቾች በጋራ የሚጠቀሙበት ስለሆነ ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን 3 አሃዞችም ማየት ያስፈልጋል። 999 ለሙከራ ነው፤ በእንስሳ ላይ መገኘት የለበትም። ሌላ ከሆኑ የአገር መለያ ናቸው፤ ለምሳሌ 250 ፈረንሳይ፣ 276 ጀርመን። በዚህ አቆጣጠር የኢትዮጵያ መለያ 231 ነው፤ ከስልካችን 251 ጋር አያምታቱት።

በአሜሪካ ከዚህ በፊት የገቡ 9 ወይም 10 አሃዝ ያላቸው፣ በ125 ወይም በ128 ኪሎኸርዝ የሚሠሩ ቺፖች አሁንም በዕድሜ በገፉ እንስሳት ላይ አሉ። እዚያው አሜሪካ ውስጥ ሁሉን አንባቢ የሆነ ስካነር ያነባቸዋል። ወደ ሌላ አገር ይዘው ሲሄዱ ግን የድንበር ሠራተኛው ስካነር ላያያቸው ይችላል። እንዲህ ያለ ቺፕ ያለው ውሻ ሊጓዝ ከሆነ ባለ 15 አሃዝ ሁለተኛ ቺፕ ይገባለትና ሁለቱም ቁጥሮች በሰነዱ ላይ ይጻፋሉ፤ ሁለቱም በአንድ ስም ይመዘገባሉ። ሁለት ቺፕ አብረው መኖራቸው ውሻውን አይጎዳውም። ጉዳቱ አንዱ ተረስቶ በአሮጌ ስልክ ቁጥር ሲቀር ነው።

መርፌው

ቺፕ ለማስገባት የተወሰነ የዕድሜ ወለል የለም፤ ብዙውን ጊዜ ቡችላው 8 ሳምንት ሲሆነው ከመጀመሪያው ክትባት ጋር ይደረጋል። ለማኮላሸት ወይም ለማምከን ማደንዘዣ ሲሰጠው አብሮ ማስገባትም ይቻላል፤ ግን ቀዶ ሕክምናውን ለመጠበቅ ሲባል ወራት ማዘግየት አይበጅም፤ ቡችላ የሚጠፋው በነዚያ ወራት ነው። ቦታው ላይ ቁስል ወይም የቆዳ በሽታ ካለ እስኪድን ይጠበቃል። በአሜሪካ ክሊኒክ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 60 ዶላር ነው፤ መጠለያዎች በሚያዘጋጁት የክትባት ቀን ደግሞ ከዚያ ይረክሳል።

በኢንተርኔት ቺፕና መርፌ ገዝቶ በቤት የሚያስገባ ሰው አለ። አንመክረውም። መርፌው ወፍራም ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የመርፌ ውፍረት መለኪያ ነው)፤ ከክትባት መርፌ ጋር አይወዳደርም። ከዚያም በላይ፣ ለጉዞ የሚሆን ወረቀት የሚፈርመው የእንስሳት ሐኪም ነው። ሐኪሙ ምን እንደሚሠራ ማወቁ ግን ይጠቅማል፤ የሚዘለል ነገር ካለ አጠገቡ ቆመው መጠየቅ ይችላሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. መጀመሪያ እንስሳው ራሱ ይነበባል፤ ትከሻው ብቻ ሳይሆን መላ ሰውነቱ። ከሰው የተገዛ ወይም በስጦታ የተገኘ ውሻ ቺፕ ሊኖረው ይችላል። ከተገኘ፣ ከላይ እንዳልነው ለጉዞ ካልሆነ በቀር፣ ሁለተኛ አይጨመርም፤ ቁጥሩ በማን ስም እንደተመዘገበ ይጣራል። የተሰረቀ ውሻ የሚታወቀውም እዚህ ላይ ነው።

2. ቺፑ ከማሸጊያው ሳይወጣ ይነበባል። በስካነሩ ላይ የወጣው ቁጥር ከተለጣፊዎቹ ቁጥር ጋር አሃዝ በአሃዝ ይመሳከራል። የማሸጊያው የአገልግሎት ማብቂያ ቀንም ይታያል፤ ቀኑ ካለፈ ቺፑ ቢሠራም የመርፌው ንጽሕና ዋስትና የለውም።

3. ውሻው ይቆማል ወይም በደረቱ ይተኛል፤ አንድ ሰው ራሱንና አንገቱን ይይዛል። ድመት በፎጣ ቢጠቀለል ይሻላል። ዋናው ነገር መርፌው ሲገባ ወደ ፊት እንዳይፈናጠር ነው።

4. ቦታው በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል፣ በጀርባው መሐል መስመር ላይ ነው። በአውሮፓ አንዳንድ አገሮች ግን በአንገቱ ግራ በኩል ማስገባት የተለመደ ነው፤ ከዚያ የመጣ ውሻ ትከሻው ላይ ባይገኝ አይግረምዎ። ፀጉሩ ተከፍሎ ቆዳው በአልኮል ይጠረግና እስኪደርቅ ይጠበቃል።

5. ቆዳው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ወደ ላይ ተነሥቶ እንደ ድንኳን ይያዛል። መርፌው በሰያፍ የተቆረጠው አፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ገደም ብሎ፣ ሙሉ በሙሉ ከቆዳው ሥር ይገባል። መግፊያው እስከ መጨረሻው ይገፋል። መርፌው የሚወጣው ከተገፋ በኋላ ነው። ቀዳዳው ለጥቂት ሰከንድ በጣት ይያዛል። አንድ ሁለት የደም ጠብታ ቢታይ ምንም አይደለም።

6. እንደገና ይነበባል። ቁጥሩ ካልወጣ ከክሊኒኩ አይውጡ።

የሚበላሸው በብዛት 5ኛው ላይ ነው። መርፌው በግማሽ ገብቶ ከተገፋ፣ ወይም እየተገፋ ወደ ኋላ ከተሳበ ቺፑ ቀዳዳው አፍ ላይ ይቀርና ተከትሎ ይወጣል። የቆዳው እጥፋት ቀጭን ከሆነ ደግሞ መርፌው በወዲያ በኩል ብቅ ይልና ቺፑ ፀጉር ውስጥ ይወድቃል። ይህኛው ያታልላል፦ ፀጉረ ረጅም ውሻ ላይ ስካነሩ ፀጉር ውስጥ የተቀመጠውን ቺፕ አንብቦ ይጮኻል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ውሻው ደጅ ላይ ሲራገፍ ቺፑ መሬት ይወድቃል። መድኃኒቱ ከመጨረሻው ንባብ በፊት ፀጉሩን በማበጠሪያ ማበጠርና በጣት ዳስሶ ማየት ነው። በጣም በጥልቀት ገብቶ ጡንቻ ላይ ካረፈ ደግሞ ያማል፤ የመንቀሳቀስ ዕድሉም ይጨምራል።

ለአንድ ሁለት ቀን ቦታውን አያሹት፣ አያጥቡት፤ ከሌላ ውሻ ጋር ሲላፋም አንገቱን እንዳይነካከስ ይጠብቁ። ቺፑን የሚይዘው ቀስ ብሎ ዙሪያውን የሚያቅፈው የሰውነት ሥጋ ነው። ያ ከመሆኑ በፊት ከተገፋ ወደ ትከሻው ጎን፣ አልፎም ወደ ፊት እግሩ ሊወርድ ይችላል። ቢወርድም ጤናውን አይጎዳውም፤ ፈላጊውን ያደክመዋል እንጂ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ክትባት ሲመለሱ፣ ከዚያም በየዓመቱ፣ «ቺፑን ያንብቡልኝ» ይበሉ። ነፃ ነው ማለት ይቻላል፤ አሥር ሰከንድ ይፈጃል።

ተለጣፊዎቹን አይጣሉ። ከማሸጊያው ጋር በርካታ ባለ ባርኮድ ተለጣፊዎች ይመጣሉ፦ አንዱ በክትባት ደብተሩ ላይ፣ አንዱ በክሊኒኩ መዝገብ ላይ፣ አንዱ ቤት በሚቀመጥ ወረቀት ላይ ይለጠፋል። የደብተሩን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱና ለራስዎ በኢሜይል ይላኩ። ቁጥሩን በእጅ የሚገለብጥ ሰው 15 አሃዝ ላይ አንዱን ይስታል፤ ተለጣፊ አይስትም።

መዝገቡ

አሁን ዋናው ሥራ ነው። ክሊኒኩ ቺፑን አስገባ ማለት አስመዘገበ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ያስመዘግባል፣ አንዳንዱ ቅጹን ሰጥቶ ይሸኛል፣ አንዳንዱ በራሱ በክሊኒኩ ስም ያስመዘግባል። ከመውጣትዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የትኛው መዝገብ ላይ? በማን ስም?

በአሜሪካ አንድ ማዕከላዊ መዝገብ የለም። በርካታ ድርጅቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ሆምአጌን፣ ኤኬሲ ሪዩናይት፣ 24ፔትዎች ከታወቁት መካከል ናቸው። እነዚህን የሚያገናኛቸው የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበር ያዘጋጀው የቺፕ ቁጥር መፈለጊያ ድረ ገጽ ነው። መጠለያዎች መጀመሪያ የሚከፍቱት እሱን ነው። ቁጥሩ ሲገባ የባለቤቱን ስም አያሳይም፤ የትኛው ድርጅት ዘንድ እንደተመዘገበ ብቻ ይናገራል፤ ከዚያ ወደዚያ ድርጅት ይደወላል። ስለዚህ መዝገብ ሲመርጡ በዚህ መፈለጊያ ላይ የሚታይ መሆኑ የመጀመሪያው መስፈርት ይሁን። አስመዝግበው ሲጨርሱ በማግስቱ ቁጥርዎን ራስዎ ያስገቡበት። የአምራቹ ስም ብቻ ከወጣና ምዝገባ ከሌለ አልተመዘገበም ማለት ነው።

መዝገብ የሚይዝ ድርጅት ሊዘጋም ይችላል። በ2025 መጀመሪያ ላይ ቴክሳስ የነበረው ሴቭ ዚስ ላይፍ የተባለው ቺፕ ሻጭና መዝጋቢ ድንገት ሥራ አቁሟል። ቁጥራቸው በ991 ወይም በ900164 የሚጀምር ቺፕ ያላቸው ባለቤቶች መዝገባቸውን እንዲያጣሩ ተነግሯል። ቺፑ አሁንም ይነበባል፤ ቁጥሩን ሌላ መዝገብ ላይ ማስፈር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አዲስ መርፌ ያስፈልጋል የሚልዎት ካለ አይስሙት።

የገንዘቡን ነገር እንንገርዎ። አንዳንዱ መዝገብ ነፃ ነው፣ አንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ደግሞ በየዓመቱ የሚታደስ አባልነት ይሸጣል። ዓመታዊው ክፍያ ብዙ ጊዜ ለተጨማሪ አገልግሎት ነው፦ ለማስታወቂያ፣ ለስልክ ምክር፣ ለመሳሰለው። ባያድሱት ስልክ ቁጥርዎ ከመዝገቡ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም የሚለውን ከመክፈልዎ በፊት ያንብቡ። «ካላደሱ የውሻዎ መረጃ ይሰረዛል» የሚል ኢሜይል ቢደርስዎ በውስጡ ያለውን ሊንክ አይጫኑ፤ በራስዎ መንገድ ወደ ድርጅቱ ገጽ ገብተው ያጣሩ።

ቅጹ ሲሞላ እኛ ሐበሾች የምንሰናከልበት ቦታ አለ። የአያት ስም የሚለው ሣጥን ላይ የአባታችንን ስም እንጽፋለን፤ ባልና ሚስት ደግሞ የአባት ስማቸው የተለያየ ነው። ውሻው በባል ስም ተመዝግቦ ሚስት ልትወስደው ብትሄድ፣ የመጠለያው ሠራተኛ የማይዛመድ ስም አይቶ ሊያመነታ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁለታችሁም በሁለት ተጠሪነት ተመዝገቡ። ስሙን በፓስፖርቱ ወይም በመንጃ ፈቃዱ ላይ ባለው የፊደል አጻጻፍ ይጻፉት፤ የእንግሊዝኛው ፊደል ጸጋዬን በአራት ዓይነት መንገድ መጻፍ የሚቻልበት ነውና።

ከዚያ፦ ሁለት የእጅ ስልክ፣ አንድ ኢሜይል፣ እና ከቤትዎ ውጭ የሚኖር ሦስተኛ ተጠሪ። ሦስተኛውን ሰው ብዙዎች ይዘሉታል። እርስዎ ለዕረፍት አዲስ አበባ ሳሉ ውሻው ከጠባቂው ቤት ቢያመልጥ የአሜሪካ ስልክዎ ዝግ ነው፤ የሚነሳው የእህትዎ ስልክ ነው። የውጭ አገር ቁጥር ከሰጡ የአገሩን መለያ ይጨምሩ። የማያውቁትን ቁጥር የማያነሡ ሰው ከሆኑም ይህን ልማድ ቢያንስ ውሻው በጠፋ ቀን ይተዉት፤ ከላይ በጠቀስነው ጥናት፣ ባለቤቱ ካልተገኘባቸው መካከል ከመቶ 24ቱ ለስልኩም ለደብዳቤውም መልስ ያልሰጡ ነበሩ።

ከመጠለያ ወይም ከሰው የወሰዱት ውሻ ከሆነ ቺፑ በቀድሞው ስም ነው ያለው። የማዛወሪያ ቅጹን ውሻውን በተቀበሉበት ቀን ያስፈርሙ። ከወራት በኋላ ሻጩን ፈልጎ ማግኘት ውሻ ከመፈለግ ይከብዳል። ቤት ሲቀይሩ፣ ስልክ ሲቀይሩ፣ ሲፋቱ፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ ከሚነገራቸው መካከል መዝገቡ ይሁን።

በሌላ አገር ያላችሁ፦ በእስራኤል በ2002 የወጣው የውሾች ቁጥጥር ሕግ ለውሻ ቺፕ፣ በየዓመቱ የሚታደስ ፈቃድና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስገድዳል፤ ቁጥሩም አገር አቀፍ የውሾች መዝገብ ውስጥ ይገባል። አድራሻ ወይም ባለቤት ሲቀየር ማሳወቅ የእናንተ ግዴታ ነው። በእንግሊዝ ለውሻ ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ፣ ለድመት ደግሞ ከሰኔ 10 ቀን 2024 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፤ ውሻ 8 ሳምንት፣ ድመት 20 ሳምንት ሳይሞላው መደረግ አለበት። ተነግሮት በ21 ቀን ውስጥ ያላስተካከለ እስከ 500 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ቺፑ ኖሮ አድራሻው አሮጌ ከሆነም ሕጉን አሟልተዋል አይባልም።

ከኢትዮጵያ ይዞ መውጣት

እዚህ ላይ ሁሉን የሚያበላሸው ቅደም ተከተል ነው። ቺፑ ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በፊት መግባት አለበት። በአንድ ቀን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን መጀመሪያ ቺፕ፣ ቀጥሎ ክትባት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ክትባቱ የተሰጠው ለዚህ ውሻ መሆኑን የሚያረጋግጠው ቁጥሩ ብቻ ነው። ውሻው ለዓመታት ሳይቋረጥ ተከትቦ ቺፑ ትናንት ከገባ፣ በድንበር ዓይን ያልተከተበ ነው፤ እንደገና ይከተባል፣ ቀኑም ከዚያ ይቆጠራል።

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች፦ ቺፕ፤ ቢያንስ 12 ሳምንት ሲሞላው ክትባት፤ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ ኅብረቱ በሚቀበለው ላቦራቶሪ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ (ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳይ)፤ ውጤቱ በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ፤ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ 3 ወር መጠበቅ። ስሌቱን ያድርጉት፦ በ12 ሳምንቱ የጀመረ ቡችላ 7 ወር ገደማ ሳይሞላው አይበርም። ይህ ለድመትም እንዲሁ ነው። ቲኬት ቆርጦ ከዚያ ሐኪም ፍለጋ መሄድ ለዚህ ነው የማይሆነው።

ወደ አሜሪካ፦ ሲዲሲ የሚባለው የበሽታ መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ከነሐሴ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ አገሩ የሚገባ ውሻ ሁሉ በዓለም አቀፍ ስካነር የሚነበብ ቺፕ እንዲኖረው፣ ዕድሜው ቢያንስ 6 ወር እንዲሆን፣ የማስገቢያ ቅጽ እንዲሞላለት አዝዟል። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተከተበ ውሻ የክትባትና የቺፕ ማረጋገጫ ቅጹን በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ማስጸደቅ፣ በሚገባበት አየር ማረፊያ ባለው የተመዘገበ የእንስሳት ማቆያ ቦታ ማስያዝ አለበት። ደሙ ከመጀመሪያው ክትባት 30 ቀን በኋላና ከመግቢያው ቢያንስ 28 ቀን በፊት ተወስዶ ተቀባይነት ባለው ላቦራቶሪ ካልተመረመረ፣ ውሻው በራስዎ ወጪ 28 ቀን እዚያ ይቆያል። እንዲህ ያለ ማቆያ በሁሉም አየር ማረፊያ የለም፤ ቲኬቱ የሚቆረጠው ማቆያው ከተያዘ በኋላ ነው።

ከአሜሪካ ውሻውን ይዞ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰውም ይህን አይርሳ፦ አሜሪካ ውስጥ የተሰጠውን ክትባት የሚያረጋግጠው ቅጽ፣ የቺፑ ቁጥር ተጽፎበት፣ በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የሚጸድቀው ከመውጣትዎ በፊት ነው። ያለዚያ ሲመለስ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደተከተበ ውሻ ይታያል።

ከመነሣትዎ በፊት ባሉት ቀናት ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የቺፑን ቁጥር አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ይከተል። የክትባት ደብተር፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የጤና የምስክር ወረቀት፣ የማስገቢያ ቅጽ፦ አሥራ አምስቱም አሃዝ በአራቱም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። 6 እና 8 የተቀያየረበት ወረቀት የሌላ ውሻ ወረቀት ነው። ውሻውም በዚያው ሳምንት ይነበብ፤ ቺፑ የማይነበብ ከሆነ ወረቀቱን ከውሻው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ማንበብም ሙያ አለው

«ስካን አደረግነው፣ ቺፕ የለውም» ማለት ብዙ ጊዜ «በጥድፊያ አየነው» ማለት ነው። መጀመሪያ ብረት ያለበት የአንገት ማሰሪያ ይወልቅ። ውሻው ከብረት ጠረጴዛና ከኮምፒውተር ራቅ ይበል፤ ሁለቱም መስኩን ያዛባሉ። የስካነሩ ባትሪ ይታይ፤ ያለቀ ባትሪ ስካነሩን ሳያጠፋ የሚደርስበትን ርቀት ያሳጥራል። ስካነሩ ፀጉሩን እየነካ፣ በሰከንድ ከ15 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ከትከሻዎቹ መካከል ይጀምራል፤ ከዚያ በአንገቱ ግራና ቀኝ፣ በትከሻው ጎኖች እስከ ክርኑ፣ በደረቱ፣ በመጨረሻም በጀርባው እስከ ጭራው። ቺፑ ከስካነሩ ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ ተኝቶ ከሆነ ላይነበብ ስለሚችል፣ ስካነሩን አዙሮ መድገም ያስፈልጋል። ወፍራም ውሻ ላይ ሦስቴም ቢሆን።

የጠፋ ውሻ መንገድ ላይ ካገኙ ወደ ቅርብ ክሊኒክ ወይም መጠለያ ይውሰዱትና እንዲያነቡልዎ ይጠይቁ። በአብዛኛው አያስከፍሉም።

ሲጠፋ፣ ሲሰረቅ

ርችት በሚተኮስበት ሌሊት ውሻ አጥር ይዘላል፤ በአሜሪካ የሐምሌ 4 ምሽት፣ በእኛም በበዓላት ዋዜማ። እንዲህ ባለ ቀን ከመምሸቱ በፊት መዝገብዎን ከፍተው ስልክዎ ትክክል መሆኑን ይዩ።

ከጠፋ በኋላ፦ መዝገቡ ውስጥ ገብተው «ጠፍቷል» የሚለውን ምልክት ያድርጉ፤ ቁጥሩ ሲፈለግ ድርጅቱ ወዲያው ያያል። ቀጥሎ መጠለያዎች። የአስተዳደር ወሰን ውሻን አያግደውም፤ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የጠፋ ውሻ ዋሽንግተን ዲሲ ሊያዝ ይችላል፤ ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችበት ለሞንትጎመሪ ካውንቲ መጠለያ ብቻ ሳይሆን ለአጎራባቾቹም ይደውሉ። መደወል ብቻ አይበቃም፤ በአካል ሄደው ይዩ። በስልክ ላይ «ቡናማ፣ መካከለኛ» ተብሎ የሚገለጸው ውሻ ሁሉንም ይመስላል። መጠለያ የባዘነን እንስሳ ለባለቤቱ የሚያቆየው ብዙ ቦታ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ከዚያ ለሌላ ሰው ሊሰጠው ይችላል።

በማስታወቂያው ላይ ፎቶና ስልክ ይለጥፉ፤ «ቺፕ አለው» ብለው ይጻፉ፤ ቁጥሩን ግን አይጻፉ። ቁጥሩ «አገኘሁት፣ መጀመሪያ ብር ላክልኝ» የሚል አጭበርባሪን መለያዎ ነው፤ ውሻው በእጁ አለ ከሚል ሰው ወደ ክሊኒክ ወስዶ አስነብቦ የመጨረሻዎቹን 4 አሃዞች እንዲነግርዎ ይጠይቁ። ውሻው የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይጠፋል።

ከተሰረቀ ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ቁጥሩ በማመልከቻው ላይ ይጻፍ፤ የማመልከቻውን መለያ ቁጥር ደግሞ ለመዝገቡ ድርጅት ይስጡ። ሌላ ሰው ያንኑ ቁጥር በስሙ ለማስመዝገብ ሲሞክር የመጀመሪያው ተመዝጋቢ የሚጠየቅበት አሠራር ያላቸው መዝገቦች አሉ። ነገር ግን የቺፕ ምዝገባ ብቻውን እንደ ቤት ካርታ አይደለም። በእንግሊዝ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «ጠባቂ» እንጂ ባለቤት አይባልም። ስለዚህ ከምዝገባው ጋር የግዢ ወይም የማደጎ ወረቀቱን፣ በስምዎ የተቆረጡ የክሊኒክ ደረሰኞችን፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ ቀን ያለባቸው ፎቶዎችን አብረው ያስቀምጡ። ቁጥሩ ይህ ውሻ የትኛው እንደሆነ ይናገራል፤ የማን እንደሆነ የሚናገሩት እነዚህ ናቸው።

ሲገኝ ደግሞ «ጠፍቷል» የሚለውን ምልክት ያንሡት። ካልተነሣ ውሻዎን በሰላም ለክትባት በወሰዱበት ቀን ክሊኒኩ ቁጥሩን ሲያነብ እርስዎ ሌባ ሆነው ይገኛሉ።